ጂኖ ባርታሊ፦ በወይንና በወይራ አገር መንገድ ላይ

ስለ አንድ ጣሊያናዊ ብስክሌተኛ ለመጽሔታችን ልጽፍ ነው ስል የዶርም ጓደኞቼ ሳቁብኝ። የታሪክ ተማሪ ሆነህ፣ የራሳችን አርበኞች ታሪክ ገና በወጉ ተጽፎ ሳያልቅ፣ የጣሊያን ስፖርተኛ ምን ይሠራልሃል አሉኝ። ነገሩ እውነት አለው። እኔን ግን ወደዚህ ሰው የሳበኝ ብስክሌቱ ብቻ አይደለም። ስለ ታሪክ ምንጮች በወሰድነው ኮርስ ላይ ብዙ የተከራከርንበት አንድ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ትልቅ ነገር ሠርቶ አፉን ዘግቶ ቢሞት፣ ወረቀትም ባይተው፣ ሥራው እንዴት ይጻፋል? ሌላው ሰው ከሞተ በኋላ ቢያወራለትስ ምን ያህል እንመን?

ጂኖ ባርታሊ ለዚህ ጥያቄ ከማውቃቸው ሁሉ የተሻለው ምሳሌ ነው። በአደባባይ የሠራው ሁሉ በደቂቃና በሴኮንድ ተመዝግቧል። ከሁሉ ይበልጣል የሚባለው ጉዞው ግን ሰዓት የያዘለት ዳኛ አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ዓ.ም ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አገሩን እንይ። ከፍሎረንስ ከተማ ወደ ደቡብ ሲወጡ ኪያንቲ የሚባለው ኮረብታማ አገር ይጀምራል። በኮረብታው ወገብ ላይ በመስመር የተተከለ ወይን፣ ድንጋያማ በሆነው ቦታ ላይ ደግሞ ቅጠሉ ብር የሚመስል የወይራ ዛፍ፣ ከላይ አንድ የድንጋይ ቤትና እንደ ጦር ቀጥ ያለ የፈረንጅ ጥድ ይታያል። እኛ ወይራ ስንል ትዝ የሚለን የወተት ዕቃና የጠላ ጋን የሚታጠንበት እንጨት ነው። እነሱ ጋ ወይራ ማለት ፍሬው ነው። በመከር ማብቂያ ተለቅሞ ይጨመቅና ዘይት ይሆናል። ወይኑ ቀደም ብሎ ይለቀማል። መሬቱ በባርታሊ ልጅነት በአብዛኛው የባለርስቶች ነበር፤ ገበሬው ያመረተውን ከጌታው ጋር እኩል ይካፈላል። ይህ የእኩል እርሻ ሥርዓት በሕግ መቅረት የጀመረው በ1964 ነው።

በእነዚህ ኮረብታዎች መካከል ነጭ መንገድ የሚሏቸው የኮረኮንች መንገዶች አሉ። አስፋልት አልለበሱም፤ በበጋ አቧራ፣ በዝናብ ጭቃ ናቸው። ዛሬ የዓለም ትልልቅ ብስክሌተኞች በየዓመቱ በእነዚህ መንገዶች ላይ ይወዳደራሉ፤ ውድድሩ የተጀመረው በ2007 ነው። ከዚያ በፊት ከ1997 ጀምሮ በአሮጌ ብስክሌትና በድሮ ማሊያ የሚጋለብበት ሌላ በዓልም አለ። ለቱሪስቱ ውብ ነገር ነው። በባርታሊ ጊዜ ግን ያ አቧራ ውበት አልነበረም፤ ሠራተኛው ጠዋት ወደ ሥራ፣ ማታ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ነው። ብስክሌት የድሃ ፈረስ ነበር። በነገራችን ላይ ብስክሌት፣ ጎማ፣ ፍሬን የሚሉት ቃላት እኛ አፍ ውስጥ የገቡት ከዚያው ቋንቋ ነው። ጎማ የሚለጥፍልንን ሰውም ጎሚስታ ነው የምንለው። እንዴት እንደገቡ ሁላችንም እናውቃለን።

ባርታሊ ከፍሎረንስ አፍ ላይ ባለችው ፖንቴ አ ኤማ በምትባል መንደር ጁላይ 18 ቀን 1914 ተወለደ። አባቱ ቶሬሎ የቀን ሠራተኛ፣ እናቱ ጁሊያ ደግሞ በእርሻና በጥልፍ ሥራ የምትደክም ሴት ነበረች። ሁለት እህቶችና ጁሊዮ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበሩት። ልጁ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ገደማ ኦስካር ካዛሞንቲ የሚባል ሰው የብስክሌት መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ሥራ ገባ። ይሄ ሱቅ ለሱ ዩኒቨርሲቲው ነበር ማለት ይቻላል። ብስክሌት ፈትቶ መግጠምን፣ የትኛው ቱቦ የት እንደሚገባ፣ የቱ ክፍት የቱ ድፍን እንደሆነ እዚያ ተማረ። ይህን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል። ከሱቁ ባለቤትና ከደንበኞች ጋር ወደ ኮረብታው ሲወጡ ልጁ ዳገት ላይ ጥሏቸው ይሄድ ጀመር። ሜዳ ላይ እንደሱ ያለ ብዙ ነበር፤ ዳገት ላይ ግን አልተገኘም። ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ፈንድቶ የሚያልቅ ሳይሆን እየቆየ የሚጨምር ዓይነት ነበር።

ፕሮፌሽናል የሆነው በ1935 ነው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር መባቻ የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችን ገባ። ሜይ 5 ቀን 1936 አዲስ አበባ ተያዘች። በአራተኛው ቀን ሙሶሊኒ ኢጣሊያ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሆናለች ብሎ አወጀ። ከአዋጁ በኋላ ልክ በሳምንቱ የዚያ ዓመት ጂሮ ዲ ኢታሊያ ተጀመረ። ሃያ ሁለት ዓመት ያልሞላው ባርታሊም ጁን 7 ቀን ሚላኖ ላይ አሸናፊ ሆኖ ገባ። እዚህ ጋ ሳነብ ቆም አልኩ። የኛ ሰው በመርዝ ጋዝ እያለቀ፣ ንጉሡ ተሰደው፣ እዚያ በየመንገዱ ዳር ሕዝቡ ወጥቶ ለብስክሌተኛ ያጨበጭባል። ባርታሊን ለዚህ ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም፤ እሱ ጋልቦ ያሸነፈ ልጅ ነው። ግን የሱ ዝና የተወለደበት ወር የትኛው ወር እንደሆነ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሳያውቅ እንዲያልፍ አልፈልግም።

ለራሱም ደስታው አልሰነበተም። በዚያው በጁን ወር ታናሽ ወንድሙ ጁሊዮ በአማተሮች ውድድር ላይ ቁልቁለት ሲወርድ ከመኪና ጋር ተጋጨ፤ ሆስፒታል ቢገባም አልተረፈም። ወንድሙን ወደ ብስክሌት የሳበው እሱ ስለነበረ ባርታሊ ብስክሌቱን ሊተወው ወስኖ ነበር። ቀድሞም ሃይማኖተኛ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጸሎቱ ጠነከረ፤ በ1937 ከቀርሜሎሳውያን ማኅበር ጋር እንደ ምእመን አባል ተቀላቀለ። ጋዜጦች ጻድቁ ጂኖ ይሉት ጀመር፤ ገሚሱ በአክብሮት፣ ገሚሱ በፌዝ። እውነቱን ለመናገር ጻድቅ የሚለው ስም ከጠባዩ ጋር አይሄድም። ቁጡ፣ ነጭናጫ፣ ሁሉ ነገር ተበላሽቷል ባይ ሰው ነበር። ቶስካናዎች በራሳቸው ዘዬ ክፉው ጂኖ እንደማለት ያለ የፍቅር ስም አውጥተውለታል።

በ1937 ጂሮን ደገመ። በቱር ዴ ፍራንስም ቢጫውን ማሊያ ለብሶ ሳለ በአልፕስ ተራሮች ውስጥ ከድልድይ ላይ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ደም በደም ሆኖ ጉዞውን ቢቀጥልም ከጥቂት ቀናት በኋላ የአገሩ ፌዴሬሽን አስወጣው። በሚቀጥለው ዓመት የመንግሥት ሰዎች ጂሮውን ትተህ ለፈረንሳዩ ውድድር ተዘጋጅ አሉት። ፋሺስቱ መንግሥት የፈለገው ግልጽ ነው፤ የጣሊያን ዘር ብርታት በፈረንሳይ መሬት ላይ እንዲታይለት። ባርታሊም የ1938ን ቱር አሸነፈ። ግን ሲናገር የሙሶሊኒን ስም አላነሳም። ያገኘውን አበባ ይዞ ፓሪስ ውስጥ ወዳለች የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ይሄ ዛሬ ስናየው ትንሽ ነገር ይመስላል። በዚያ ዘመን አሸናፊ ሁሉ ድሉን ለዱቼ ነበር የሚሰጠው፤ ዝም ማለት በራሱ ንግግር ነበር።

በዚያው ዓመት በመጸው ኢጣሊያ በአይሁድ ዜጎቿ ላይ የዘር ሕግ አወጣች። ከትምህርት ቤት፣ ከመንግሥት ሥራ፣ ከብዙ ሙያ ተባረሩ። የአውሮፓ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ታሪኩን ከዚህ ይጀምሩታል። እኛ ግን ከዚያ በፊት በኤፕሪል 1937 ጣሊያናዊ ወንድ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር የሚቀጣ ሕግ ለምሥራቅ አፍሪካ እንደወጣ እናውቃለን፤ ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ሁለት ወር በኋላ ማለት ነው። ፋሺዝም የዘር ሕግ መጻፍን የተለማመደው እኛ ላይ ነው፤ ከዚያ ቤቱ ይዞት ገባ።

በ1940 ጂሮ ላይ ባርታሊ ገና በሁለተኛው ቀን ውሻ ገብቶበት ወድቆ ተጎዳ። በሱ ቡድን ውስጥ አሽከር እንዲሆን የተቀጠረው የሃያ ዓመቱ ፋውስቶ ኮፒ ውድድሩን አሸነፈ። ባርታሊ ቢከፋውም ልጁን በተራራው ላይ ረዳው። ውድድሩ ባለቀ ማግሥት ኢጣሊያ ጦርነት ገባች። በዚያ ዓመት በኖቬምበር አድሪያና ባኒን አገባ፤ ቃል ኪዳኑን ያስፈጸሙላቸው የፍሎረንሱ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ኤሊያ ዳላ ኮስታ ነበሩ። ወታደርነት ሲጠራም መልእክተኛ ተደርጎ ተመደበ፤ መልእክት የሚያደርሰውም በብስክሌት ነው። ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ ዓመቱ ያለውን፣ አንድ ስፖርተኛ ከሁሉ የሚጠነክርበትን ዕድሜ፣ ጦርነቱ በላው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1943 ኢጣሊያ ለተባባሪዎቹ ኃይሎች እጇን መስጠቷ ተነገረ፤ ጀርመን ወዲያው ሰሜኑንና መሐሉን ያዘ። እስከዚያ ድረስ አይሁዶች መብታቸውን ተገፈው በሕይወት ይኖሩ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን እየታደኑ በባቡር ወደ ማጎሪያ መጫን ተጀመረ። በፍሎረንስ ትልቁ አፈሳ የተደረገው ኖቬምበር 6 ቀን ነው። የከተማዋ ረቢ ናታን ካሱቶና ካርዲናል ዳላ ኮስታ በየገዳማቱ ሰው የሚደበቅበትን መረብ ዘርግተው ነበር። ረቢው በዚያው ወር ተያዙ፤ ከጦርነቱም አልተመለሱም። በኡምብሪያ በኩል ደግሞ የአሲዚ ጳጳስ ጁዜፔ ኒኮሊኒና አባ ሩፊኖ ኒካቺ ስደተኞችን በገዳም ይሸሽጉ ነበር። መሸሸጉ ብቻውን አይበቃም፤ መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ያለ መታወቂያ ዳቦም አይገዛም። በአሲዚ ማተሚያ ቤት የነበራቸው ሉዊጂ ብሪዚና ልጁ ትሬንቶ ሐሰተኛውን መታወቂያ ያትሙ ነበር። ፎቶግራፉ ከፍሎረንስ አሲዚ፣ ያለቀው ወረቀት ከአሲዚ ፍሎረንስ መሄድ አለበት። ማን ያመላልሰው?

እንደሚነገረው ካርዲናሉ ባርታሊን ጠሩት። አመራረጡ ብልሃት ነበረበት። በዚያ የጦርነት ጊዜ ከከተማ ከተማ በብስክሌት የሚሄድ ጎልማሳ ሁሉ ይጠረጠራል። ባርታሊ ግን ቢታይ ምን ይባላል? ልምምድ ላይ ነው። አገር የሚያውቀው ሰው፣ ስሙ የተጻፈበትን ማሊያ ለብሶ፣ በጠራራ ፀሐይ ይሄዳል። መደበቂያው መታወቁ ነበር። ፎቶውንና ወረቀቱን ጠቅልሎ በመቀመጫው ሥር ካለው የብስክሌቱ ቱቦ ውስጥ ይከትና መቀመጫውን መልሶ ይገጥመዋል። ከካዛሞንቲ ሱቅ የተማረው ሙያ ይሄ ነው። ኬላ ላይ ሲያስቆሙት ብስክሌቱን እንዳይነኩበት፣ ለፍጥነት በጥንቃቄ የተገጠመ እንደሆነ ይነግራቸው ነበር ይባላል።

መንገዱ ከፍሎረንስ ተነስቶ የአርኖን ወንዝ ሸለቆ ይዞ ወደ አሬዞ ይወርዳል። ከዚያ በኮርቶና ግርጌ አድርጎ ቴሮንቶላ፣ የትራዚሜኖን ሐይቅ ዳር ዳሩን ወደ ፔሩጂያ፣ በመጨረሻም በሱባዚዮ ተራራ ጎን ወደ ተቀመጠችው አሲዚ። ርቀቱ ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ያህል ነው፤ አንዳንዴ ደርሶ መልሱ ሳይታደር ነበር ይላሉ። ካርታ ላይ ሳየው ሁሉም ቦታ እርሻ ነው። በሸለቆው ወይን፣ ከኮርቶና ጀምሮ እስከ አሲዚ ግንብ ሥር ድረስ የወይራ ዛፍ። በዚያ መጸው ገበሬው እንደ ወትሮው ወይኑን ለቅሟል፣ ወይራውን አስጨምቋል። አንድ የታወቀ ብስክሌተኛ አቧራ እያስነሳ ሲያልፍ ቀና ብሎ እጁን አውለብልቦለት ይሆናል፤ መቀመጫው ሥር የስንት ሰው ፊት ተጠቅልሎ እንደሚሄድ ማን ያውቃል። የቴሮንቶላ ባቡር ጣቢያ ላይ ደግሞ ቆም ብሎ ቡና ሲጠጣ ሕዝቡ ጀግናውን ለማየት ይሰበሰብ ነበር፣ ወታደሮቹም ወደ ግርግሩ ሲዞሩ ሌሎች ተሳፋሪዎች ሳይፈተሹ ባቡር ይቀይሩ ነበር የሚል ወሬ አለ። ይሄ የመጨረሻው ለፊልም የተመቸ ስለሆነ እኔ በጥርጣሬ ነው የማየው።

ከዚሁ ጎን ለጎን ባርታሊ ጎልደንበርግ የሚባሉ ወዳጆቹን፣ አባትና እናትን ከሁለት ልጆቻቸው ጋር፣ ፍሎረንስ ውስጥ በነበረው ቤት አስጠጋቸው፤ ፍለጋው ሲጠብቅ ደግሞ ምድር ቤት ውስጥ ሸሸጋቸው። ቢያዝ ቅጣቱ ሞት ሊሆን ይችል ነበር። ቤቱ ውስጥ ሚስትና ሕፃን ልጅ አሉት። ሚስቱ ስለ ወረቀቶቹ እንዳታውቅ አድርጓል፤ ብትጠየቅ የምትናገረው እንዳይኖር።

በ1944 በጋ ላይ ከቫቲካን የተላከ የምስጋና ደብዳቤ በፋሺስቶች እጅ ገባና ተያዘ። ሻለቃ ካሪታ የሚባለው አረመኔ ሰዎችን የሚያሰቃይበት፣ ሕዝቡ የኀዘን ቪላ ያለው ቤት ወሰዱት። ምን ልከህ ነው ያመሰገኑህ ሲሉት ለድሆች ዱቄትና ስኳር ነው አለ። ከሦስት ቀን በኋላ በወታደርነቱ የሚያውቀው አንድ መኮንን ተናግሮለት ተለቀቀ። ነሐሴ ላይ ፍሎረንስ ነፃ ወጣች።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሠላሳ አንደኛ ዓመቱን እየደፈነ ነበር፤ ለብስክሌተኛ ሽማግሌ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በ1946 ጂሮን ኮፒን በ47 ሴኮንድ ብቻ በልጦ አሸነፈ። በ1948 ወደ ቱር ዴ ፍራንስ ሲሄድ ግን ማንም አልጠበቀውም። ጁላይ 14 ቀን፣ በውድድሩ የዕረፍት ቀን፣ ከመሪው ከፈረንሳዊው ሉዊሶን ቦቤ ከ21 ደቂቃ በላይ ወደኋላ ቀርቶ ነበር። በዚያው ቀን ሮም ውስጥ የኮሚኒስቱ መሪ ፓልሚሮ ቶሊያቲ ከፓርላማው ደጃፍ ላይ በጥይት ተመታ። ሠራተኛው አደባባይ ወጣ፣ ፋብሪካዎች ተያዙ፣ ሰው ሞተ፤ አገሪቱ የእርስ በርስ ጦርነት አፋፍ ላይ ደረሰች ተባለ። ማታ ጠቅላይ ሚኒስትር አልቺዴ ደ ጋስፔሪ ካን ከተማ ሆቴሉ ድረስ ስልክ ደውለው ማሸነፍ ይችል እንደሆነ ጠየቁት፤ ይህን የተናገረው ራሱ ባርታሊ ነው። በማግሥቱ በአሎስ፣ በቫርስና በኢዞአር ተራሮች ላይ፣ ከ270 ኪ.ሜ በላይ በሆነው መንገድ፣ በብርድና በጭቃ ሁሉንም ጥሏቸው ገባ። በሁለተኛው ቀን ቢጫውን ማሊያ ለበሰ። ፓሪስ ሲገባ ሁለተኛውን በ26 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ይበልጥ ነበር። በመጀመሪያውና በሁለተኛው የቱር ድሉ መካከል አሥር ዓመት አለ፤ ይህን ክፍተት እስካሁን የደገመው የለም።

ባርታሊ ጣሊያንን ከእርስ በርስ ጦርነት አዳነ የሚለው ግን ለኔ ተረት ነው። ቶሊያቲ ራሱ አልጋ ላይ ሆኖ ጓደኞቹ ረጋ እንዲሉ መክሯል፤ የሠራተኛ ማኅበሩም አድማውን አቁሟል። የብስክሌት ዜናው ሕዝቡን ፈታ አድርጎት ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ያለፈውን ጋዜጦቹ ጨመሩበት። የሚገርመኝ ይህኛው ታሪክ፣ ብዙ ምስክር ያለው ነገር፣ እንዴት በቀላሉ እንደተጋነነ ነው። ምስክር የሌለው ነገርስ?

ስለ ኮፒ ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ ጣሊያን ለሁለት የተከፈለችው በነሱ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሳሚውና ገጠሬው የባርታሊ፣ ሌላው የኮፒ። በ1949 ቱር ላይ ግን አብረው ኢዞአርን ወጡ፤ ዕለቱ የባርታሊ 35ኛ ልደት ስለነበር ኮፒ ድሉን ተወለት። በማግሥቱ የባርታሊ ጎማ ተነፈሰና ኮፒ ጥሎት ሄዶ ውድድሩን ወሰደ። ባርታሊ በ1954 መጋለብ አቆመ። ኮፒ ለ1960 ባርታሊ በሚመራው ቡድን ሊጋልብ ፈርሞ ነበር፤ ግን ከምዕራብ አፍሪካ፣ በዚያን ጊዜ የላይኛው ቮልታ ይባል ከነበረው አገር፣ ወባ ይዞ ተመለሰና ጃንዋሪ 2 ቀን 1960 ሞተ። ሐኪሞቹ ወባ መሆኑን አላወቁለትም። አንድ የቆላ ገበሬ ጠጋ ብሎ ቢያየው ያውቀው ነበር።

ባርታሊ እስከ እርጅናው ድረስ በየቴሌቪዥኑ እየቀረበ ስለ ብስክሌት ሲያጉረመርም ኖረ። ስለ ጦርነቱ ግን ዝም። ለልጁ ለአንድሪያ ጥቂት ጥቂት ነግሮታል፤ ጊዜው እስኪደርስ እንዳትናገር ብሎ። ደግ ሥራ ተሠርቶ ዝም ይባላል እንጂ አይወራም የሚል እምነት ነበረው። ሕይወቱ ያለፈው በ85 ዓመቱ ፍሎረንስ ውስጥ ሜይ 5 ቀን 2000 ነው፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1992 ዓ.ም መሆኑ ነው። እኛ አዲስ አበባ አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር የአርበኞችን ድል በዓል ስናከብር እሱ አረፈ። አጋጣሚ ነው፤ ትርጉም አልሰጠውም፤ ቀኑን ሳሰላ ግን ፈገግ አልኩ።

ከሞቱ በኋላ ወሬው ወጣ። በ2005 የኢጣሊያ ፕሬዚዳንት ቻምፒ የወርቅ ሜዳይ ሸለሙት፤ በ2013 ያድ ቫሼም በአሕዛብ መካከል ካሉ ጻድቃን አንዱ አለው፤ በ2018 ጂሮው ከኢየሩሳሌም ሲነሳ ስሙ ተነሳ። ስምንት መቶ አይሁዶችን አዳነ የሚል ቁጥርም ከጋዜጣ ወደ ጋዜጣ ተሻገረ። ከዚያ በኋላ ታሪክ ጸሐፊዎች መጡ። ሚኬሌ ሳርፋቲ እና ስቴፋኖ ፒቫቶ የመሳሰሉት ጥያቄ አነሱ፤ በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ የት አለ? ስለ አሲዚው መረብ የሚያወራው የአሌክሳንደር ራማቲ መጽሐፍ በ1978 የወጣ ነው፤ ልብ ወለድ የተቀላቀለበት። የዓይን ምስክር የተባሉትም የተናገሩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ፒቫቶ ከልጁ ጋር በ2021 ባወጣው መጽሐፍ የመልእክተኛነቱን ታሪክ ፈጠራ ነው እስከማለት ደርሷል።

እኛ ክፍል ውስጥ ይህ ሲነሳ ለሁለት ተከፈልን። ገሚሱ ወረቀት ከሌለ ታሪክ የለም አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሥራው ራሱ ወረቀትን መደበቅ የሆነ ሰው ማስረጃ አልተወም ብሎ መክሰስ አይገባኝም። የኛንም የውስጥ አርበኞች አስቡ፤ ለአርበኛው ጥይትና መረጃ ሲያቀብሉ ደረሰኝ አልቆረጡም። በሌላ በኩል ስምንት መቶ የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ማሳየት የቻለ የለም፤ ስለዚህ እኔ ከጽሑፌ አውጥቼዋለሁ። የአሲዚውን መንገድ እንደሚነገረው፣ እንደሚባለው እያልኩ የጻፍኩትም ለዚህ ነው፤ ሊሆን ይችላል፣ ሳይሆንም አይቀርም፤ ግን በሁለት እግሩ አልቆመም። የጎልደንበርግ ቤተሰብ ነገር ግን ሌላ ነው። የሚናገረው ወሬ የሰማ ሰው ሳይሆን እዚያው ቤት ውስጥ የነበረው ልጅ ነው፤ አድጎ፣ እስራኤል ኖሮ፣ አርጅቶ የሰጠው ቃል ነው።

ልጁ የሚያስታውሰው ጀግንነት አይደለም። ምድር ቤቱ ጠባብ ነበር፤ አራቱም አንድ አልጋ ላይ ይተኙ ነበር። በሩ ወደ ግቢ ይከፈታል፣ እሱ ግን መውጣት አልተፈቀደለትም፤ ጎረቤት ያየዋል። አባቱ ፈጽሞ አይወጣም። እናቱ ብቻ ሁለት ባልዲ ይዛ ከጉድጓድ ውኃ ልትቀዳ ትወጣ ነበር።